የተዘረጋው መስመር በጥገና ይጽና

አንድ ኅብረተሰብ የደረሰበት የእድገት ደረጃ ከሚመዘንባቸው መለኪያዎች አንዱ ዜጎቹ እርስ በርሳቸውና ከሌላው ዓለም ጋር የሚገናኙበት መስመር ጥንካሬ መሆኑ የታወቀ ነው። የእግር መልእክተኛው፣ ፖስታው፣ ቴሌግራፉና ስልኩ በየዘመናቸው ይህን ተግባር ሲያከናውኑ ኖረዋል። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ የባንኩ ሒሳብ፣ የትምህርት ቤቱ ውጤት፣ የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርትና የነጋዴው ክፍያ በአብዛኛው የሚጓዙት የሰው ጠጉር ያህል በቀጠነ የመስተዋት ክር ውስጥ ነው። ይህ ክር ፋይበር ይባላል።

ፋይበር በተዘረጋ ቁጥር የምሥራች ይነገራል፤ ሊነገርም ይገባል። ይሁን እንጂ ሪባኑ ከተቆረጠና እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ያለው ሁኔታ ምን ይመስላል? መስመሩ ሲዘገም ማን ያፋጥነዋል? ሲበጠስስ ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ ይቀጥለዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች ከአንዲት የወረዳ ከተማ ተነሥቶ በጥሞና መመርመር ነው።

ዛሬ በአገራችን ባንክ ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት ወይም ነዳጅ ማደያ ሄዶ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ ተገልጋይ ይኖራል ለማለት ያስቸግራል። ይህ አባባል ከሰዋስው አንጻር ሲመረመር ባለቤት ያለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ከኃላፊነት አንጻር ሲመረመር ግን ባለቤት የለውም። ማን አቋረጠው፣ ማን ይጠግነዋል፣ መቼ ይመለሳል የሚሉትን ጥያቄዎች በሁለት ቃላት ይዘጋቸዋል። ተገልጋዩም ዝናብ እንደ ዘገየበት ገበሬ ቀና ብሎ አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዝናብን የሚያዘገይ ግን የሰው እጅ አይደለም፤ መስመርን የሚያዘገየው የሰው አሠራር ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ማስታወሻ ደብተር

መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር ከደብረ ታቦር በስተደቡብ የምትገኝ የእስቴ ዋና ከተማ ናት። በስተሰሜን ምሥራቋ የጉና ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በስተደቡብ አገሩ እየተቆራረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። በምሥራቅ በኩል ስማዳ ትዋሰናታለች። እንዲህ ያለው መልክዓ ምድር ለመስመር ሠራተኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉና ጭቃው መንገዱን ያከብደዋል፤ ናዳው አፈሩን ይዞ ሲወርድ የተቀበረውንም የተሰቀለውንም አብሮ ይወስዳል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለሥራ ወደ አካባቢው በሄደበት ጊዜ በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድ ማስታወሻ ደብተር ተመልክቷል። ደብተሩን የያዙት ጡረታ የተቃረቡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ማንም ሳያዝዛቸው ገጹን በማስመሪያ አምስት ቦታ ከፍለው መስመር የተቋረጠበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ብልሽቱ ለማን እንደ ተነገረ፣ የተሰጠውን መልስና የተጠገነበትን ቀን እንዲይዝ አድርገውታል። በመልሱ ረድፍ ሥር በተራ የሚነበቡት «ተመዝግቧል»፣ «ባለሙያ ይላካል»፣ «መኪና የለም»፣ «ችግሩ ከላይ ነው» የሚሉ ናቸው። አምስተኛው ረድፍ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ስለ ምን ባዶ እንደ ሆነ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ አጭር ነበር፤ «ልጄ፣ መጠገኑንማ ማን ይነግረኛል? ሲመጣ አያለሁ እንጂ።»

ይህ ባዶ ረድፍ የጉዳያችን ፍሬ ነገር ነው። መስመሩ ፈጽሞ አልተጠገነም ማለት አይደለም፤ ተጠግኗል። ነገር ግን የሄደው ሳይነገር እንደ ሄደ ሁሉ የመጣውም ሳይነገር ነው። በሄደበትና በመጣበት መካከል የባከኑትን ቀኖች የቆጠረ፣ ምክንያቱን የመረመረ፣ ተጠያቂ የሆነ አካል የለም። ያልተቆጠረ ጉዳት ደግሞ በሪፖርት ላይ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

የጉዳቱን መጠን ለመረዳት ከገጠር ቀበሌ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ከተማዋ የገባ አንድ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ እንውሰድ። ውጤቱን የሚያየው በኢንተርኔት ነው። የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላውም በኢንተርኔት ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የብሔራዊ ፈተናው ከፊል ራሱ በኮምፒዩተር በመስመር ላይ መሰጠት ጀምሯል። ልጁ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ገጹ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ አልከፈት ሲል ማደሪያ ፈልጎ ያድራል ወይም ያንኑ መንገድ በባዶ እጁ ይመለሳል። ቀነ ገደቡ በአዲስ አበባና በእስቴ አንድ ነው፤ መስመሩ ግን አንድ አይደለም። እኩል ዕድል ተሰጠ የሚባለው ሁለቱ ተፈታኞች በእኩል ሰዓት እኩል ገጽ መክፈት ሲችሉ ብቻ ነው።

ነጋዴውም ቢሆን ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረና በ2015 ዓ.ም የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲፈጸም መደረግ ከጀመረ ወዲህ የመስመር መቋረጥ የወሬ መቋረጥ መሆኑ ቀርቶ የገበያ መቋረጥ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም የጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂ አገልግሎቶችን ወደ መስመር አሸጋግሯል። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ላይ ሲነሣ በቦታው የሚተካው መስመር ጽኑ መሆን ነበረበት።

ዘገምተኛነትና ስብራት

ችግሩን በትክክል ለመረዳት በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው መስመሩ እያለ መዘግየቱ ነው፤ ሁለተኛው ፈጽሞ መበጠሱ ነው።

የዘገምተኛነት ምንጩ አንድ አይደለም። ብሮድባንድ ገብቶልኛል የሚለው ደንበኛ ሁሉ ፋይበር እስከ ቤቱ ደርሶለታል ማለት አይደለም። በብዙ ቦታ የመጨረሻው ክፍል የቀድሞው የስልክ መዳብ ሽቦ ነው። በመዳብ ላይ የሚሄደው ምልክት ከማእከሉ በራቀ መጠን እየደከመ ይሄዳል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ከራቀ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። ፋይበር እስከ ቤት በደረሰበትም ቦታ ቢሆን ከማእከሉ የወጣው አንድ ክር በማከፋፈያ ሣጥን ውስጥ ለ32 ወይም ለ64 ደንበኛ ይከፈላል። በሰፊው የተለመደው የዚህ ዓይነት ሥርዓት በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ያህል ያወርዳል፤ ይህ ግን ለሁሉም በጋራ ነው። ከዚህም በላይ የከተማዋ ደንበኞች ሁሉ ተሰባስበው ወደ ዞኑና ወደ ክልሉ የሚወጡበት ዋናው መስመር ጠባብ ከሆነ፣ በየቤቱ የገባው ክር ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን አሥር ወንዝ ወደ አንድ ጠባብ ቦይ እንደ መልቀቅ ይሆናል። የመብራት መቆራረጥ ሲጨመርበት ደግሞ መሣሪያው በባትሪ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይጠፋል፤ ደንበኛውም የጠፋው መብራቱ ይሁን መስመሩ ሳያውቅ ይቀራል።

በውሉ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት «እስከ» በምትል አንዲት ቃል ይጀምራል። ይህች ቃል ለሻጩ ሰፊ፣ ለገዢው ጠባብ ናት። ጤፍ የሚሸጥ ነጋዴ «እስከ አንድ ኩንታል» ብሎ ሰባ ኪሎ ቢሰፍር ሚዛኑ ይያዝበታል። የመስመር ሚዛን ግን በገዢው እጅ የለም።

ወደ ስብራቱ እንመለስ። በመስተዋት ክር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ክሩ አንድ ቦታ ሲበጠስ ከዚያ ቦታ ከፊሉ ብርሃን ወደ ኋላ ይመለሳል። ባለሙያው በአንደኛው ጫፍ ላይ የመለኪያ መሣሪያውን ገጥሞ ብርሃኑ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ በመለካት ስብራቱ በስንተኛው ኪሎ ሜትር፣ በስንተኛው ሜትር አካባቢ እንደ ሆነ ያውቃል። ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያም ቦታው ድረስ ሄዶ ሁለቱን ጫፎች በመበየጃ መሣሪያ አቅልጦ ያገጣጥማቸዋል። ብዙ ክር ያለው ኬብል ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል እንጂ ሳምንታት አይፈጅም።

ከዚህ የምንረዳው ዓቢይ ቁም ነገር አለ። ብርሃኑ ስብራቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያገኘዋል፤ ማመልከቻው ግን ባለቤቱን ለማግኘት ሳምንት ይፈጅበታል። መዘግየቱ ያለው በመስተዋቱ ውስጥ አይደለም። መዘግየቱ ያለው መኪና በመፍቀድ፣ ነዳጅ በመሙላት፣ መበየጃ መሣሪያውን ከሌላ ከተማ በማምጣት፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በመጻጻፍና «ችግሩ ከላይ ነው» በመባባል ላይ ነው። ስለዚህ የቴክኒክ ችግር እየተባለ የሚቀርበው ጉዳይ በከፊል የአስተዳደር ችግር ነው።

ዝርጋታ ዘመቻ ነው፤ ጥገና ሥርዓት ነው

የአገራችን የመገናኛ ታሪክ በአብዛኛው የዝርጋታ ታሪክ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘረጋ። በ1952 እ.ኤ.አ. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ኢንተርኔት በ1997 እ.ኤ.አ. ገባ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ወረዳዎችን በሳተላይትና በምድር መስመር ለማገናኘት ወረዳ ኔት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለማገናኘት ስኩል ኔት የተባሉት ፕሮጀክቶች ተዘረጉ። የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የብዙዎች ትዝታ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዜድቲኢና ከሁዋዌ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል የማስፋፊያ ውል ተፈጸመ። በኅዳር 2003 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ መልክ ተቋቋመ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ።

ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር በ2016 የበጀት ዓመት ማብቂያ ላይ ከ78 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ የመደበኛ ብሮድባንድ ደንበኞች አንድ ሚሊዮን አይሞሉም ነበር። በቁጥር ጥቂት ይምሰሉ እንጂ ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና ጽሕፈት ቤቱ የሚገኙት በእነዚህ ውስጥ ነው። የአንድ መስመር መበጠስ የአንድ ደንበኛ ጉዳይ ሳይሆን ከኋላው የተሰለፈው ሕዝብ ጉዳይ ነው።

ዝርጋታ በባሕርዩ ዘመቻ ነው። በጀት ይመደብለታል፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ በኪሎ ሜትር ይለካል፣ ይመረቃል። ጥገና ግን መጨረሻ የለውም፤ አይመረቅም፤ በትክክል ሲሠራ አይታይም። ጉልበት፣ ገንዘብና ሙገሳ ሁሉ ወደሚታየው ሥራ ሲያዘነብል የማይታየው ሥራ ባለቤት ያጣል። ቤት የሠራ ሁሉ ጣሪያውን አልጠገነም እንደሚባለው መሆኑ ነው።

አቅም የለም የሚለው መከራከሪያም ሙሉ በሙሉ አያስኬድም። በትግራይ ጦርነት የተጎዳው የፋይበር መስመር ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ በ2015 ዓ.ም በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየተጠገነ ከተሞች በአጭር ጊዜ ተገናኝተዋል። አስቸኳይ ነው በተባለ ጊዜ ባለሙያው፣ መኪናውና መሣሪያው ተገኝቷል። ጥያቄው ይህ አቅም በዘመቻ ወቅት ብቻ ሳይሆን በማክሰኞና በረቡዕ፣ ካሜራ በሌለበት ቀን እንዴት ይገኛል የሚለው ነው።

ሁለቱ ዝምታዎች

ስለ አማራ ክልል መስመር ሲነገር ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ሁኔታ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ወቅት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በአብዛኛው የክልሉ ክፍል ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም ማብቂያ ገደማ በተወሰኑ ከተሞች መመለስ ጀመረ። በእነዚያ ወራት የመደበኛ መስመር በነበረባቸው ጥቂት ሕንጻዎች ደጃፍ ሰው ይሰበሰብ ነበር። ግጭቱም ለጥገና ሠራተኛው መንገዱን አስቸጋሪና አደገኛ አድርጎበታል።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ዝምታ አለ። አንደኛው በውሳኔ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው በብልሽት የመጣ ነው። መነሻቸው የተለያየ፣ ተጠያቂያቸውም የተለያየ ነው። ውሳኔው አስፈላጊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር በራሱ ሚዛን ሊመዘን የሚገባው ነው። ለተገልጋዩ ግን ሁለቱም በአንድ ቃል ይነገሩታል፤ «ኔትወርክ የለም»። ሁለቱ ሳይለዩ ሲቀሩ ብልሽቱ በውሳኔው ጥላ ሥር ይሸሸጋል፤ መኪና ባለመመደቡ የተቋረጠው መስመር ሁሉ ከጸጥታ ችግር የመጣ መስሎ ይታያል። ሕዝቡ መስመሩ የተቋረጠበትን ምክንያት በግልጽ የማወቅ መብት አለው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ይታገሣል ወይም ይከራከራል፤ ያላወቀ ግን ይጠረጥራል። ጥርጣሬ ደግሞ ከመስመር መበጠስ የበለጠ ለመጠገን የሚያስቸግር ስብራት ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ የብልሽት ማመልከቻ ቁጥርና ቀን ይሰጠው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በውጭ አገር በትምህርት ላይ በነበረበት ጊዜ መስመሩ ተበላሽቶበት ባመለከተ ጊዜ በመጀመሪያ የተሰጠው መፍትሔ ሳይሆን አንድ ቁጥርና ሠራተኛ የሚመጣበት ቀን ነበር። መስመሩ በዚያው ሰዓት አልመጣለትም፤ ባለቤት ግን በዚያው ሰዓት አግኝቷል።

ሁለተኛ፣ ከቀኑ ያለፈ ጥገና ዋጋ ይኑረው። በእንግሊዝ አገር ከሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አሠራር፣ በስምምነቱ የታቀፉ ኩባንያዎች የተቋረጠውን መስመር በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልመለሱ ከዚያ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ ቀን ደንበኛው ሳይጠይቅ ካሣ ይከፍሉታል፤ ሲጀመር በቀን 8 ፓውንድ ነበር። ቁም ነገሩ የገንዘቡ መጠን አይደለም። መዘግየት በደንበኛው ኪስ ላይ ብቻ ይወድቅ የነበረው ሸክም ወደ አዘግዪው ኪስ መዛወሩ ነው። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 መሠረት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል። የአገልግሎትን ጥራት መቆጣጠርና የተጠቃሚውን መብት ማስጠበቅ ከተቋቋመባቸው ዓላማዎች መካከል ናቸው። ይህ ሥልጣን እስከ እስቴ ድረስ መሰማት ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ባለሙያውና መሣሪያው ለስብራቱ ይቅረቡ። የመበየጃ መሣሪያና የሠለጠነ ሠራተኛ በሩቅ ከተማ ተከማችቶ የወረዳ መስመር በፍጥነት ይጠገናል ማለት ዘበት ነው። የአካባቢው ወጣቶች ሠልጥነው በዞን ደረጃ ቢመደቡ መንገዱንም ሕዝቡንም ያውቁታል።

አራተኛ፣ መስመሩ ተለዋጭ ይኑረው። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር ሥር ከሚያልፉት ኬብሎች በርካቶቹ ሲበጠሱ ዓለም ፈጽሞ አልተቆራረጠችም፤ ምልልሱ በሌላ አቅጣጫ ዞሮ ሄዷል። አገራችንም ከባሕር ጠለል ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል በመሆኑ የተለዋጭ መስመርን ጥቅም ጠንቅቃ ታውቃለች። ይኸው ዕውቀት ወደ ወረዳ ይውረድ። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በአንድ ጉጥ ብቻ የተንጠለጠለች ከተማ ጉጡ ሲሰበር ትወድቃለች፤ በሁለት አቅጣጫ የተያዘች ግን አንዱ ሲበጠስ በሌላው ትቆማለች። በኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋው ፋይበርም ለዚህ ተግባር ሊውል ይችላል።

አምስተኛ፣ መንገድ የሚቆፍረው፣ ውሃ የሚዘረጋውና ፋይበር የሚቀብረው መሥሪያ ቤት ከመቆፈራቸው በፊት ይነጋገሩ። የአንዱ ልማት የሌላውን ልማት በዶማ እየቆረጠ አገር አይገነባም።

ሂስ ከራስ ይጀምራል

በመጨረሻ ሂስን ለሌላው ብቻ መሰንዘር ተገቢ አይሆንም። እኛ ጋዜጠኞች ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተዘረጋ በሰፊው ጽፈናል፤ የተዘረጋው ስንት ቀን እንደ ቆመ ግን አልጠየቅንም። የምርቃቱን ንግግር በሙሉ አትመናል፤ የደብተሩን አምስተኛ ረድፍ ግን አላየንም። ለምርቃት የሄደ ዘጋቢ ከስድስት ወር በኋላ ወደዚያው ከተማ ተመልሶ «መስመሩ ዛሬ ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ከብዙ መግለጫዎች የበለጠ ሥራ በሠራ ነበር። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ጉድለት ነጻ አይደለም።

መስመር የሚለካው ከጀመረበት ጫፍ ሳይሆን ከሚያልቅበት ጫፍ ነው። በአዲስ አበባ ፈጣን የሆነ፣ በደብረ ታቦር የቀዘቀዘ፣ በመካነ ኢየሱስ የተበጠሰ መስመር አንድ ሙሉ መስመር ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም። የመዝገብ ቤቷ እናት ባዶውን ረድፍ ሳይሰርዙ ያቆዩት አንድ ቀን የሚሞላው ይገኛል ብለው ይመስላል። ረድፉን መሙላት አዲስ ብድር፣ አዲስ ውል ወይም አዲስ ምርቃት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስብራቱን የኔ ነው የሚል ባለቤትና የጠገነበትን ቀን የሚጽፍ እጅ ነው።